ሼንዘን፦ ድሮኑ የማያሳየው መንደር

ናንሻን (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ የሼንዘን ቪዲዮ ብቻ ነው የማየው። ድሮን ይነሳል፣ ፎቆቹ በመብራት ይጨፍራሉ፣ ከስሩ «የዓሣ አጥማጆች መንደር የነበረችው በ40 ዓመት እዚህ ደረሰች» የሚል ጽሑፍ አለ። ኮሜንቱ ሁሌም አንድ ነው፤ «እኛስ መቼ?»

እኔ እዚሁ ሼንዘን ነው የምኖረው፤ ካርጎ ሥራ ላይ ነኝ። ቪዲዮው አልዋሸም፤ ግን ያወራው ግማሹን ነው። የዓሣ አጥማጅ መንደሩ ወሬ ራሱ ተጋኗል። እዚሁ ከተማ ውስጥ ያለው ናንቶው በቅጥር የታጠረ የአውራጃ መቀመጫ ሆኖ ለመቶዎች ዓመታት ኖሯል። በ1980 (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ልዩ የኢኮኖሚ ዞን ሲታወጅ አካባቢው ባዶ ሜዳ አልነበረም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ነበረበት።

ማውራት የፈለግኩት ስለ እነሱና ኋላ ስለመጡት ተከራዮቻቸው ነው። መንግሥት ለፋብሪካና ለመንገድ መሬት ሲፈልግ በመጀመሪያ የወሰደው እርሻውን ነው። መኖሪያ ቤቶቹን አብዛኛውን አልነካም። ቤት ለማስነሳት ካሳ አለ፣ ምትክ አለ፣ ጭቅጭቅ አለ። እርሻ ይረክሳል። ስለዚህ ገበሬው እርሻውን አጥቶ መሃል ከተማ ላይ የቤት ቦታ ይዞ ቀረ። በዙሪያው ደግሞ ከሁናን፣ ከሲቹዋን፣ ከሄናን የመጣ ስፍር ቁጥር የሌለው ወጣት ማደሪያ ይፈልጋል። ሰውየው ምን ያድርግ? ሠራ! መቶ ካሬ አካባቢ በሆነች ቦታ ላይ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ፎቅ። ጎረቤቱም እንደዚያው። ከታች ቅያሷ ለሁለት ሰው ትጠባለች፤ ከአንደኛ ፎቅ በላይ ደግሞ ሁለቱም ሕንፃዎች ወደ ውጭ ይገፋሉ። በመስኮት እጅህን ብትዘረጋ የማዶውን ጎረቤት ትጨብጣለህ። ቻይናዎቹም «የሚጨባበጡ ሕንፃዎች» ነው የሚሏቸው።

መጀመሪያ ስመጣ የተከራየሁት ባይሺዡ የሚባል እንዲህ ያለ መንደር ውስጥ ነው። ቀን በስድስት ሰዓት መብራት ካላበራሁ ጫማዬን አላገኝም። ሽቦው ተጠላልፎ ሰማዩን ሸፍኖታል፤ የኤሲው ውሃ አናትህ ላይ ጠብ ይላል። ምድር ቤቱ በሙሉ ሱቅ ነው፤ ቁልፍ ቀራጭ፣ የሁናን ኑድል ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ያገለገለ ፍሪጅ ሻጭ። አከራይዋ ደረጃው ስር ማህጆንግ ትጫወታለች፤ ወገቧ ላይ የሰላሳ ክፍል ቁልፍ። ሁለት ወር ማስያዣ፣ አንድ ወር ቅድሚያ፣ አለቀ። ዋስ አምጣ የለ፣ የደሞዝ ወረቀት የለ። ከጎኔ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ከላይ ደግሞ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ፕሮግራመር ይኖሩ ነበር። ጣሪያው ላይ ስንወጣ የአይፍል ማማን እናያለን፤ ከመንገዱ ማዶ የዓለም ታዋቂ ሕንፃዎች ቅጂ የተሠራበት መዝናኛ ፓርክ አለ።

እዚያች አንዲት ሰፈር ውስጥ 150 ሺህ ገደማ ሰው ይኖራል ይባል ነበር። በ2019 ለተከራዮቹ ውጡ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። አሁን ሰማይ ጠቀስ እየተሠራበት ነው።

የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ ሼንዘንን የሠራው ማን ነው? ባለሰማይ ጠቀሱ ነው ወይስ ለሠራተኛው በርካሽ አልጋ የሰጠው መንደር?


ቱሉ_ዲምቱ

ናንሻን፣ ጽሑፍህ ጥሩ ነው፤ ግን እስኪ እውነት እንነጋገር። ጫማህን ያላገኘህበትን ቤት ነው እንዴ የምትናፍቀው? በ1978 ከመቶ ቻይናዊ ከተማ የሚኖረው 18 አይሞላም ነበር። በ2011 ከግማሽ በላይ ሆነ። በ2020 ቆጠራ 64 ገደማ ደረሰ። በአንድ ሰው ዕድሜ! ሼንዘን ብቻዋን 17 ሚሊዮን ተኩል ሰው ይዛለች። ይህን ሁሉ ሕዝብ በጉራንጉር ልታኖረው ነው? የዓለም አቀፍ ንግድ ማዕከሉን ፎቅ በሦስት ቀን አንድ ወለል እያወጡ በ1985 ሲጨርሱት 53 ፎቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ቻይና ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የት ነበር? እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃው ተሰንጥቆ ስንት ጊዜ አመልክተናል። ፍጥነትን አትናቁብኝ።


ናንሻን

ፍጥነትን ማን ናቀ? ያን ፎቅ ሲሠሩ የነበሩት ሠራተኞች ማታ የት የሚገቡ ይመስልሃል?


ማስተርስ_ላይ

ቤጂንግ ተማሪ ነኝ። በአንድ ነገር ከቱሉ ዲምቱ ጋር ነኝ፤ ደስ አይበለው ብቻ። 😄

እዚህ ሁቶንግ የሚባሉ የድሮ ቅያሶች አሉ። ግቢው አራት ማዕዘን ነው፤ መሃሉ ክፍት፣ ዙሪያውን ቤት። ቱሪስት አይቶ ይሞትለታል። ነገር ግን ድሮ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ግቢ ከአብዮቱ በኋላ ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈለ። ሁሉም በየደጁ ኩሽናና መጋዘን ቀጠለበት። ግቢው ጠፍቶ መተላለፊያ ብቻ ቀረ። ብዙዎቹ የግል ሽንት ቤት የላቸውም። አከራዬ ያደገችው እዚያ ነው። በጥርና በየካቲት ብርድ ሌሊት ካፖርት ደርባ የሕዝብ ሽንት ቤት የሄደችበትን ስታወራ፣ «ሁቶንግ ቆንጆ ነው» የሚል ሰው ሁሉ ያናድዳታል። እሷ አሁን አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ማሞቂያዋ ከከተማው መስመር ይመጣላታል።

ሆኖም ቤጂንግ ላይ የተሠራው ግፍ ሌላ ነው። ሊያንግ ሲቼንግ የሚባል አርክቴክት ነበር። ከባለቤቱ ከሊን ሁዪን ጋር አገሩን በእግርና በበቅሎ እያሰሱ የጥንት የእንጨት ሕንፃ ይፈልጉ ነበር። በ1937 ሻንሺ ክፍለ ሀገር ውስጥ በ857 የተሠራ ቤተ መቅደስ እስከነ ጣሪያው ቆሞ አገኙ። እንግዲህ ይኼ ሰውዬ በ1950 ቼን ዣንሺያንግ ከሚባል ባልደረባው ጋር ሆኖ ሐሳብ አቀረበ፦ አዲሱን የመንግሥት ማዕከል ከአሮጌው ከተማ በስተምዕራብ ሥሩ፤ የድሮውን አትንኩ። የከተማው ግንብ ላይ ሰው የሚናፈስበት መናፈሻ ይሁን አለ። አልሰሙትም። ግንቡ በ50ዎቹና በ60ዎቹ ፈረሰ፤ በመስመሩ ሜትሮና የቀለበት መንገድ ገባበት። የሚገርመው ደግሞ እሱና ሊን ይኖሩበት የነበረው ግቢ ራሱ በ2012 ፈረሰ። ቅርስ መሆኑ እየታወቀ! ጫጫታ ሲነሳ መልሰን እንሠራዋለን ተባለ።

ያኔ ቦታ ነበር። ወደ ምዕራብ መሄድ ይቻል ነበር። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።


ሲልቨር_ስፕሪንግ

ማስተርስ ላይ፣ እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ይህን አላውቅም ነበር።


ባለንድፍ

እኔ በሙያዬ አርክቴክት ነኝ፤ አዲስ አበባ። ሁለታችሁም ያልነካችሁትን ልንካ።

የቻይና አፓርታማዎች ለምን ሁሉም አንድ ዓይነት እንደሆኑ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ቀጭንና ረጅም፣ ፊታቸው ወደ ደቡብ፣ በመሃላቸው እኩል ክፍተት። ስንፍና ብቻ አይደለም። የመኖሪያ ሕንፃ ደንባቸው በክረምቱ የብርድ ቀን እያንዳንዱ ቤት ቢያንስ ይህን ያህል ሰዓት ፀሐይ ማግኘት አለበት ይላል፤ መጠኑ እንደየአካባቢው ይለያያል። ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል የፊተኛው ፎቅ ጥላ ረጅም ነው። ስለዚህ የኋለኛው ይርቃል። ይርቃል ማለት ደግሞ በመሃል ሰፊ ሜዳ አለ፤ ሜዳው ይታጠራል፤ በር ላይ ጥበቃ ይቆማል። በአንድ አጥር ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው። ውጪው ስምንት መስመር አስፋልት፤ ለመሻገር ድልድይ ፍለጋ ትሄዳለህ። በ2016 መንግሥት ከእንግዲህ የታጠረ ሰፈር አትሥሩ፣ ያሉትም ቀስ በቀስ ይከፈቱ ብሎ ነበር፤ ባለቤቶቹ «በገንዘባችን የገዛነውን ግቢ!» ብለው ተነሱ።

አሁን የናንሻንን ቅያስ ተመልከቱ። ደንቡ የሚፈልገውን ፀሐይ አንድም ቀን አላገኘም። ነገር ግን በእግር ሁለት ደቂቃ ውስጥ ቁልፍ ቀራጭ፣ ኑድል፣ ልብስ ሰፊ አለው። በደንቡ የተሠራው ሰፈር ፀሐይ አለው፤ ቁልፍ ቀራጭ የለውም። እኔ በሁለቱ መሃል የሆነ ነገር ነው የምፈልገው፤ በዓለም ላይ ያለ ፕላነር ሁሉ ግን የሚስለው ሁለተኛውን ነው፤ ለመሳል ስለሚቀል።

ሌላ፦ ዋንግ ሹን ፈልጋችሁ እዩ። በ2012 ፕሪትዝከርን፣ በሙያችን ትልቁን ሽልማት፣ ያገኘ ነው። ከባለቤቱ ከሉ ዌንዩ ጋር ነው የሚሠራው። የነደፈው የኒንግቦ ከተማ ሙዚየም በ2008 ተከፈተ። ሙዚየሙ ያረፈበት አካባቢ መንደሮች ለአዲስ ልማት የፈረሱበት ነው። የፍራሹን ሸክላና ጡብ ለቅሞ በግድግዳው ላይ መልሶ ደረደረው። ቀዩ፣ ግራጫው፣ ጥቁሩ፣ የተሰበረው ሁሉ። የአካባቢው ግንበኞች ድሮ አውሎ ነፋስ ቤት ሲያፈርስባቸው ፍርስራሹን ሰብስበው በፍጥነት የሚገነቡበት ዘዴ ነበራቸው፤ እሱን ነው የተጠቀመው። ፎቶውን አቅርባችሁ ብታዩ የግንበኛው እጅ የት ላይ እንደቆመና ሌላው የት እንደቀጠለ ይለያል። ኮንክሪቱ ደግሞ በቀርከሃ ቅርጽ ተቀርጿል። የአካባቢው ሰው እየተመላለሰ ግድግዳውን ያያል፤ የድሮ ቤቱን ስለሚያስታውሰው።

ፒያሳ ሲፈርስ ያን ሁሉ ድንጋይና የእንጨት ሰገነት የት እንደደፋነው ሳስብ...


አወያይ

ስለ ፒያሳ የተከፈተ ሌላ ክር አለ፤ እዚያ ቀጥሉ። እዚህ ቻይና ላይ እንቆይ።


ቱሉ_ዲምቱ

ባለንድፍ፣ ሙዚየሙን አየሁት፤ ያምራል። ግን መንደሩን አፍርሶ በጡቡ ሙዚየም መሥራት ለመንደርተኛው ምን ጠቀመው?


ባለንድፍ

ምንም። ዋንግ ሹ የደረሰው መንደሩ ከፈረሰ በኋላ ነው። ጡቡን ባያነሳው ወደ ጉድጓድ ነበር የሚደፋው። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን ትንሽ አይደለም።


ሻዎቤይ

ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። እኔ ጓንዡ ረጅም ጊዜ የኖርኩ ነጋዴ ነኝ። ስለ ትልልቁ ነገር እናንተ አውሩ። እኔ ስለ ሊፍት ልንገራችሁ።

ከ70ዎቹ እስከ 90ዎቹ የተሠራው የመኖሪያ ሕንፃ እዚህ አብዛኛው ሊፍት የለውም። ያኔ የገቡት ወጣቶች ነበሩ። አሁን ሰባና ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ቤት ገዝተዋል፣ ልጅ አስተምረዋል፣ ግን ከላይ መውረድ አቃታቸው። እኔ ያለሁበት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያሉ አንድ ጡረተኛ መምህር ሩዝና አትክልት በገመድ ነው የሚያስወጡት። በየደረጃው እረፍት የሚያርፉበት በርጩማ አስቀምጠዋል፤ ማንም አይነካባቸውም።

መንግሥት ድጎማ እሰጣለሁ፣ ከውጭ ሊፍት አስገጥሙ አለ። ጓንዡ በዚህ ቀድማለች። ችግሩ ስምምነቱ ነው። ላይ ያለው ብዙ ይከፍላል፣ እየወረደ ሲመጣ ይቀንሳል፣ ምድር ላይ ያለው አይከፍልም። ግን ምድር ላይ ያለው ነው እንቢ የሚለው! ሊፍቱ መስኮቱን ይጋርድበታል፣ ድምፅ ይረብሸዋል፤ ከሁሉም በላይ የላይኛው ቤት ዋጋ ሲጨምር የሱ ይወርዳል። የእኛ ሕንፃ ለዓመታት ተጨቃጨቀ። በግድግዳ ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ፣ ሌላው ይገነጥለዋል። ድሮ አንድ መሥሪያ ቤት አብረው የሠሩ፣ ልጆቻቸው አብረው ያደጉ ሰዎች ሰላምታ አቋረጡ። በመጨረሻ የላይኞቹ ገንዘብ አዋጥተው ለምድር ቤቶቹ ካሳ ሰጡና ተገጠመ። ሰላምታው ግን አልተመለሰም።

ድሮ መሥሪያ ቤቱ ነበር ቤት የሚሰጠው። ከ1998 በኋላ ቀረ፤ ሁሉም ባለንብረት ሆነ። ባለንብረት ሲሆን ጎረቤትነቱም በካሬ ሜትር ተለካ።


ማስተርስ_ላይ

ጋሼ ሻዎቤይ፣ መምህሩ አሁን ይወርዳሉ?


ሻዎቤይ

ይወርዳሉ ልጄ። ጠዋት ጠዋት ወርደው ወፋቸውን ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ፤ ማታ ደግሞ አደባባዩ ላይ ሴቶቹ ሙዚቃ ከፍተው ሲጨፍሩ ተቀምጠው ያያሉ። በርጩማዎቹን ግን እስካሁን አላነሱም፤ ሊፍቱን ገና አላመኑትም።


ሲልቨር_ስፕሪንግ

ስለ ባዶዎቹ ከተሞችስ? ዩቲዩብ ላይ ሰው የሌለባቸው ፎቆች ነው የማየው። ኤቨርግራንዴ የሚባለው የቤት አልሚ ኩባንያስ?


ናንሻን

ባዶ ከተማ የሚለው ወሬ ሁለት ነገር ይቀላቅላል። በውስጥ ሞንጎሊያ ያለውን ካንግባሺን የመሰሉ አዳዲስ ከተሞች ሰው ከመምጣቱ በፊት ቀድመው ተሠሩ፤ ቀስ እያለ ሰው ገባባቸው፤ እንደተመኙት ባይሆንም። ሌላው ግን ያልተጨረሰ ፎቅ ነው፤ እሱ ነው ሰው ያስለቀሰው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የከተማ መሬት የመንግሥት ነው። የከተማው አስተዳደር የመኖሪያ መሬትን ለ70 ዓመት በሊዝ ይሸጣል። በ1994 የታክስ ሥርዓቱ ሲለወጥ ብዙው ገቢ ወደ ማዕከላዊ መንግሥት ሄደ፤ ወጪው ግን ከተሞች ላይ ቀረ። ስለዚህ ከተሞቹ መሬት መሸጥ ላይ ተጠመዱ። አልሚው በብድር መሬት ይገዛል፣ ፎቁ ሳይወጣ ቤቱን ይሸጣል፣ በሰበሰበው ሌላ መሬት ይገዛል። ገዢው ገና ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳያልቅ የባንክ ብድሩን በየወሩ መክፈል ይጀምራል። በ2020 መንግሥት ለአልሚዎች የዕዳ ገደብ አወጣ። ገንዘቡ ቆመ። በ2021 ኤቨርግራንዴ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በጥር 2024 የሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት ኩባንያው እንዲፈርስ ወሰነ። በመሃሉ፣ በ2022፣ በብዙ ከተሞች ያሉ ገዢዎች ተሰባስበው «ፎቁ ካልተጠናቀቀ የብድር ክፍያችንን እናቆማለን» አሉ። አንዳንዶቹ መብራትና ውሃ በሌለው፣ መስኮት ባልተገጠመለት ፎቅ ውስጥ ድንኳን ተክለው ኖረዋል። ኪራይም ብድርም ከፍሎ መኖር ስላልተቻለ።


ቱሉ_ዲምቱ

«ቤቱ ሳይሠራ ብድሩን መክፈል» የሚለው ለእኔ አዲስ አይደለም። ብቻ ልተወው፣ አወያዩ ይቆጣል።

ወደ መጀመሪያው ነገር ልመለስ። ባይሺዡ ሲፈርስ ካሳ የለም ነበር?


ናንሻን

ነበር እንጂ! ነጥቡ እዚያ ላይ ነው። የቤቱ ባለቤቶች በካሬያቸው ልክ አዲስ አፓርታማ ወይም ገንዘብ ያገኛሉ። የአንድ ገበሬ ልጅ ዛሬ ሼንዘን ውስጥ ስንትና ስንት ቤት ያለው ሚሊየነር ነው። ስለዚህ «መንደርተኛው ተበደለ» የሚለው ታሪክ እዚህ ብዙም አይሠራም፤ ፍርሻውን የሚጠብቅም አለ። ከ150 ሺህ ሰው ግን ባለቤቱ ጥቂት ነው። የቀረው ተከራይ ነው። ተከራይ ካሳ የለውም። አንዳንዱ ራሱ የተከራየው ከደላላ ነው፤ ደላላው ሕንፃውን በሙሉ ከባለቤቱ ተከራይቶ በክፍል በክፍል የሚያከራይ ነው። ማስያዣህን ለማስመለስ እንኳ ማንን እንደምትይዝ አታውቅም።

ልጅ ያላቸው ደግሞ ባሰባቸው። ልጁ አካባቢው ትምህርት ቤት የገባው በዚያ አድራሻ ባለው የኪራይ ውል ነው። ቤቱ ሲሄድ ውሉ ይሄዳል። ወላጆች ሰልፍ ይዘው «ቢያንስ የትምህርት ዘመኑ ይለቅ» ብለው የለመኑት ለዚህ ነው።


ማስተርስ_ላይ

ሁኮውን ሳትነካው አትለፍ። የቤተሰብ ምዝገባቸው ነው፤ በ1958 በሕግ የጸና። ከእኛ የቀበሌ መታወቂያ ጋር ይመሳሰላል፤ ግን ጥርስ አለው። ሄናን ገጠር የተመዘገበ ሰው ቤጂንግ 20 ዓመት ቢሠራም የሄናን ነው። ልጁ እዚህ ቢማር እንኳ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አባቱ አገር ይሄዳል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ልጃቸውን አያት ጋር ትተው የሚመጡት፤ በዓመት አንዴ ለበዓል ነው የሚያዩት።

ቱሉ ዲምቱ የጠቀሰው 64 በመቶ ከተማ የሚኖረውን ነው። በዚያው 2020 የከተማ ሁኮው ያለው ግን 45 በመቶ ገደማ ነው። በመሃሉ ያለው ልዩነት ከ250 ሚሊዮን ሰው በላይ ነው። ከተማ ይሠራል፣ ከተማ አይቆጠርም።


ቱሉ_ዲምቱ

እሺ ይሄ ከባድ ነው። 250 ሚሊዮን!

ተከራዮቹስ የት ገቡ?


ናንሻን

ወደ ዳር። ሎንግሁዋ፣ ሎንግጋንግ፣ አንዳንዱ ጭራሽ ጎረቤት ከተማ ዶንግጓን። እዚያም ሌላ የሚጨባበጥ ሕንፃ አለ፤ ሜትሮው ረዘመ እንጂ ኑሮው ያው ነው። የታክሲ ሹፌሩ ጎረቤቴ አገሩ ገባ። ፕሮግራመሩ ለሥራው ቅርብ ልሁን ብሎ የደሞዙን ሲሶ ለኪራይ ይከፍላል።

ከተማው ራሱ ነገሩ የገባው ይመስላል። በ2019 ብዙዎቹን መንደሮች ለጊዜው አናፈርስም፣ እናድሳለን የሚል ዕቅድ አወጣ። ጥሩ ነው አልን። ከዚያ እድሳቱ መጣ። በ2023 ድርጅቶች ሕንፃዎቹን በጅምላ ተከራይተው፣ ቀለም ቀብተው፣ የእሳት ማጥፊያ አስገብተው ለወጣት ባለሙያ ያከራዩ ጀመር። ለማደስ ግን ነባሩ ተከራይ መውጣት አለበት። ተመልሶ ሲመጣ ዋጋው አይቀመስም። ሳይፈርስም መፈናቀል አለ ማለት ነው፤ እንዲያውም ይህኛው ዜና አይሆንም።


ባለንድፍ

ናንሻን፣ በቅርቡ ለሥራ ወደዚያ ልመጣ እችላለሁ። ናንቶውን ማየት እፈልጋለሁ፤ በ2017 የሼንዘንና ሆንግ ኮንግ የሥነ ሕንፃ ቢያናሌ (በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ዐውደ ርዕይ) እዚያ መንደር ውስጥ ተካሂዶ ነበር። አሁን ምን ይመስላል?


ናንሻን

ዋናው ጎዳና ታድሷል። ካፌ፣ ዲዛይን ሱቅ፣ ጣሪያ ላይ ሆቴል። ባለሙያዎቹ ጥሩ ነው የሠሩት፤ አልዋሽም። ግን ጎዳናው ላይ አትቅሪ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሁለት ቅያስ ብትገቢ ሽቦው፣ የኤሲው ውሃ፣ ኑድል ቤቱ ሁሉም አለ። ለእኔ ናንቶው እሱ ነው። ስትመጪ ጻፊልኝ፤ አንድ የቻኦሻን የበሬ ሥጋ ሾርባ ቤት አውቃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ እንዳታደርጊው፤ ሰልፉ አይቻልም።